በቅንድብ የተሰጠ ቃል

የካቲት ፲፬ ቀን ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ ማክሰኞ ነበር። አቶ አጥናፉ ያን ጊዜ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበሩ። በቤሩት ኦዛይ ሰፈር ውስጥ፣ ከባሕሩ ዳር፣ የአንድ ሶፋ ሠሪ ወርክሾፕ ዘበኛ ነበሩና በሩ ላይ ወንበራቸውን ጥለው ፀሐይ ሲሞቁ ስልካቸው ጠራ። የደወለችው ወርቅዬ ናት። ወርቅዬ ከእኅታቸው ልጅ ከኤሌኒ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ የምትኖር፣ ቤሩት ከመጣች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ ኤሌኒን መኽፈር ወሰዷት» አለች። መኽፈር በዚያ አገር ፖሊስ ጣቢያ ነው።

«ምን አድርጋ?»

«ምንም። ራስ ቤሩት በምታጸዳው ሕንፃ ላይ ያሉት ባልቴት የወርቅ ሰዓታቸው ጠፋ። ጎረቤታቸው ‹ትናንት አንዲት ሀበሻ በደረጃው ስትሮጥ አይቻለሁ› አለች። ያኒ፣ ማለቴ፣ በዚያ ሕንፃ የምትታወቀው ሀበሻ እሷ ናት። ኸላስ፣ በቃ፣ መጥተው ወሰዷት።»

አቶ አጥናፉ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ አስገቡ። ኤሌኒ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። ሆኖም በዚያው ሰሞን ፋናር የምትኖር አንዲት ማዳም በስሟ ፈቃድ ልታወጣላት ተስማምታ ነበር። ስሟ በስርቆት ካልተነሣ ወረቀት ታገኛለች፤ ከተነሣ ግን ጉዳይዋ የውጭ ሰዎችን ወደሚያባርረው ወደ ሌላው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ጣቢያውን አቶ አጥናፉ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። የመርከብ ወጥ ቤት ሆነው መጥተው በዚያው በቀሩበት ዘመን፣ ጥቁር ሰው በዚያ በር ሲገባ በመጀመሪያ በጥፊ ነበር የሚቀበሉት፤ ስሙ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ግን ተለውጧል ይባል ነበር፤ በእርግጥም ተለውጦ አገኙት። «የማኅበረሰቦች ጉዳይ» የሚባል አዲስ ክፍል ተከፍቷል። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አማርኛው «ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩሌታ ነው» ይላል። እኩል ለማለት ፈልገው ግማሽ ማለታቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የክፍሉ ኃላፊ መቶ አለቃ ከሪማ ትባላለች። ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲገባ ከመቀመጫዋ የምትነሣ ሴት ናት። ለሽማግሌው ወንበር ሰጠቻቸው፤ ውሃም አስመጣችላቸው።

«ዓሞ» አለቻቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። «እኔ ባለሁበት ማንም አይመታም፣ ማንም በቀለሙ አይሰደብም። ጥያቄው ሁሉ በሩ ተከፍቶ ነው። ተቀምጠው ያዩታል፤ ነገር ግን በመካከል አይናገሩም። ይህ ደንብ ነው።»

ኤሌኒን አመጧት። የሥራ ሰማያዊ ሽርጧን እንደታጠቀች ነበር። ፊቷ ላይ የዱላ ምልክት የለም፤ ከንፈሯ ግን ደርቋል።

«ሰኞ ዕለት ወደ ባልቴቲቱ ቤት ገብተሽ ነበር?» ስትል ከሪማ በዐረብኛ ጠየቀቻት።

ኤሌኒ ዐረብኛን እንደ ውሃ የምትጠጣ ልጅ ናት። ይሁን እንጂ ፍርሃት ሲመጣ የተማሩት ቋንቋ ይሸሻል፤ የሚቀረው ከእናት ጉያ የወጡበት ጠባይ ብቻ ነው። ቅንድቧን ወደ ላይ አነሣች፤ ትንፋሿንም ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። በእኛ ዘንድ ይህ «አዎን» ነው፤ ሕፃን እንኳ አይስተውም። እንደ ወትሮዋ ልትወለውል ገብታ ነበር፤ ባልቴቲቱ ተኝተው ነበርና ሥራዋን ጨርሳ በሩን ዘግታ ወጥታለች። በሊባኖስ ግን ቅንድቡን ያነሣ ሰው «የለም» ማለቱ ነው።

ከሪማ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «አልገባሁም ብላለች» አለችው።

አቶ አጥናፉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ዘጉት። እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል። ደግሞም ስሕተቱ ልጃቸውን የሚጠቅም ስሕተት ነው። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ አሰቡ። ኤሌኒ ቀና ብላ አየቻቸው። እሷም ገብቷታል፤ እሷም ዝም አለች።

ጥያቄው ካለቀ በኋላ ከሪማ ሽማግሌውን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋቻቸው።

«በቀድሞው አሠራር ቢሆን» አለች «ምስክሯን አምጥተን አንዲት ጥቁር ሴት በሁለት ፖሊስ መካከል እናቆምላት ነበር። እንዲያ ከሆነ ማን ‹እሷ ናት› የማይል አለ? ይህ መድልዎ ነው። አዲሱ ደንብ ግን ተጠርጣሪዋ ከወገኖቿ ጋር፣ በመልክና በቁመት ከሚመስሏት ጋር እንድትቆም ያዛል። እኔ ደግሞ ሀበሻ ከመንገድ እየለቀምኩ ማምጣት አልፈልግም፤ ያም ራሱ መድልዎ ነው። እርስዎ በፈቃዳቸው የሚመጡ አራት ሴቶች ያምጡልኝ።»

«ወረቀት የሌላቸውስ?»

«ወረቀት አልጠይቅም። ቃሌ ነው።»

ይህን ቃሏን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስከ መጨረሻው አላፈረሰችም።

አቶ አጥናፉ በቀጥታ ወደ አስካለ ፀጉር ቤት ሄዱ። አስካለ በሰው ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ካገለገለች በኋላ የራሷን ቤት የከፈተች፣ ወረቀቷ የተሟላ፣ ምላሷም የተሟላ ሴት ናት። ወርቅዬና ሌሎች ሴቶችም ወሬ ሊሰሙ በዚያ ተሰብስበው ነበር።

«በገዛ እግራችን መኽፈር እንግባ ነው የሚሉን?» አለች አስካለ፣ የአንዲቱን ፀጉር መጎንጎኗን ሳታቋርጥ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ።»

«ደንብ አውጥተዋል። እኩል እንዲያዩን ነው።»

«ድሮስ መች አበላለጡን? ማዳሜ እኮ እስክለቃት ድረስ የምትጠራኝ ከእኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ነበር። እኩል አይታን።»

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ አጥናፉ ግን አልሳቁም። «ብቻዋን ከቆመች ያለቀላት ናት» አሉ። «አራት ሆናችሁ ከአጠገቧ ከቆማችሁ ግን ያቺ ምስክር ትደናገራለች። ኤሌኒ የምትተርፍበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።»

ከጥግ የተቀመጠችው ወርቅዬ ተናገረች። «እኔ እሄዳለሁ፣ ጋሼ። ግን ወረቀት የለኝም። ደግሞም ኤሌኒ ስትታመም ያንን ሕንፃ ተክቼ ያጸዳሁበት ጊዜ አለ። ቢይዙኝስ?»

«አንቺ የምትቆሚው ለመልክ ነው፤ ማንም ነገር አይጠይቅሽም። በእኔ ይሁንብሽ። አንገቴን እሰጣለሁ።»

ሽማግሌ አንገቱን ከሰጠ በኋላ ሌላ ምን ይባላል? ወርቅዬ እሺ አለች። ወርቅዬ እሺ ስትል ከሌሎቹም ሁለቱ አፈሩና እሺ አሉ። አስካለም መቀሷን አስቀመጠች፤ «መልካችን አንድ ነው ካላችሁማ እኔ ከማን አንሼ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ከሪማ ሁሉንም በየተራ «ሜርሲ» እያለች ተቀበለቻቸው። ጠረጴዛዋ ላይ አራት አዳዲስ ሰማያዊ ሽርጦች ታጥፈው ተቀምጠዋል። ምስክሯ ያየችው ሽርጥ የታጠቀች ሴት ስለሆነ፣ ኤሌኒ ብቻዋን ታጥቃ ብትቆም ጎልታ ትታያለች፤ ስለዚህ ሁሉም እንዲታጠቁ ያስፈልጋል አለች። ሽርጦቹን ገበያ ወጥታ የገዛቻቸው ራሷ ናት።

አስካለ ሽርጡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው። «ከማዳሜ ቤት የወጣሁ ቀን በእሳት ያቃጠልኩት ይህንኑ ነበር» አለች በአማርኛ። ከዚያም ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ አገጯን ወረወረች። «እኩሌታ ናችሁ ብለው የለ? እንግዲህ ግማሹን አለበሱን፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ሲያስወልቁን እናያለን።» ሆኖም ታጠቀችው፤ ለኤሌኒ ብላ።

አምስቱ ተደርድረው ቆሙ። ምስክሯ፣ የባልቴቲቱ ጎረቤት ማዳም ሶፍያ፣ ገባች። ሽቶዋ ቀድሟት ነበር የገባው። ከዳር እስከ ዳር አየቻቸውና ወደ ከሪማ ዞረች።

«ሐራም፣ ምስኪኖች፣ እነዚህ እኮ ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ሲል ቩ ፕሌ፣ እባክዎ ማዳም፣ ሳይቸኩሉ ይመልከቱ። እርግጠኛ ካልሆኑ ማንንም አለመጠቆም መብትዎ ነው።»

ማዳም ሶፍያ በየፊታቸው እየቆመች አለፈች። አስካለ ዓይኗን ሳትሰብር አፍጥጣ አየቻት፤ አለፈቻት። ኤሌኒም ዓይኗን አላነሣችም አልጣለችም፤ እሷንም አለፈቻት። ወርቅዬ ግን ታላቅ ሰው ፊት ሲቆሙ መሬት መሬት ማየት ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት፤ በአክብሮት አቀረቀረች።

«ይህችኛዋ ልታየኝ አፈረች» አለች ማዳም ሶፍያ፤ ጣቷንም ዘረጋች። «እሷ ናት። እርግጠኛ ነኝ።»

አቶ አጥናፉ በመተላለፊያው ከተቀመጡበት ወንበር ሆነው በተከፈተው በር ሁሉንም አይተዋል። በመጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነበር፤ ኤሌኒ ተርፋለች። ደስታው ግን የአንዲት ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም።

«ያቺን ልጅ ያመጣኋት እኔ ነኝ» አሉ ከሪማን። «ለመቆም ብቻ ነው የመጣችው።»

«ምስክሯ ከጠቆመቻት፣ ያመጧት የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ልተዋት? ያ አድልዎ ይሆናል፣ ዓሞ።» ከዚያም ወደ ወርቅዬ ዞራ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ «በዚያ ሕንፃ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

ወርቅዬ መዋሸትን አላሰበችውም። «ነዓም» አለች በተሰባበረ ዐረብኛ። «ኤሌኒ መሪዳ፤ አና ሹጉል።» አዎን፣ ኤሌኒ ስትታመም እኔ እሠራለሁ ማለቷ ነው። ኤሌኒ እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ ሽርጧን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወደ መተላለፊያው ወጥታ ከአጎቷ አጠገብ ቆመች።

ወርቅዬን ግን አስቀመጧት። ደንቡ አስተርጓሚ ያዛልና በስልክ አንዲት አስተርጓሚ ጠሩላት፤ የዘመድ ጉዳይ እንዳይሆን ከሩቅ ሰፈር የተመረጠች ናት። ከሪማ ጠየቀች፤ የስልኩ ድምፅም በአማርኛ ደገመው።

«ሰዓቱን መውሰድሽን ትክጃለሽ?»

ወርቅዬ ቃል አለቀባት። ቅንድቧን አነሣች፤ አንገቷን ቀና አደረገች። በፊቷ ሁሉ «አዎን፣ እክዳለሁ» አለች።

«ምንም ድምፅ አልሰማሁም» አለች በስልክ ያለችው።

«እኔ አይቻለሁ» አለች ከሪማ። ለጸሐፊውም «አልክድም ብላለች» ስትል አስጻፈችው።

ኤሌኒ የአጎቷን እጅጌ ያዘች። «ያላ አጎቴ፣ እንውጣ።»

«ያቺ ልጅ አልክድም አላለችም።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም እኮ እነሱ። አንድ ሰው ካልነገራቸው—»

«አጎቴ፣ አውቃለሁ አልኩዎት። ትናንት የእኔንም አይተው ዝም ብለዋል፤ ጥሩ አደረጉ። አሁን ከተናገሩ የሁለታችንን ነው የሚናገሩት። የፋናሯ ማዳሜ ከሰዓት በኋላ ትጠብቀኛለች። እባክዎ፣ እንውጣ።»

አቶ አጥናፉ የእኅታቸውን ልጅ ፊት አዩ። የሟች እናታቸው ግንባር ነበር ያለባት። ከዚያ በበሩ ወደ ውስጥ አዩ፤ ወርቅዬ ስማቸውን እየጠራች ሁለት ፖሊሶች በትሕትና፣ ሳይገፏት፣ ክንዷን ይዘው ያስነሷት ነበር። ለኤሌኒ ያላቸው ሥጋ ነው። ለወርቅዬ ያላቸው ቃል ነው። የትኛው እንደሚከብድ መመዘን ጀመሩ፤ መመዘኑን ሳይጨርሱም እግራቸው ተነሣ። ኤሌኒ እጅጌያቸውን አልለቀቀችም ነበርና አብራ ተጎትታ ገባች።

«ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሏት ከሪማን። ቅንድብ ማንሣት በአገራቸው ምን ማለት እንደሆነ አስረዷት። ልጅቱ ክጃለሁ ማለቷን ነገሯት።

ከሪማ አልተቆጣችም። መነጽሯን አውልቃ በጥሞና ሰማቻቸው። በሥልጠናው ጊዜ ይህን ያስተማራት አለመኖሩ አስገረማት። ከዚያም ጠየቀች፤ «ይህ የሁላችሁም ልማድ ነው ወይስ የዚህች ልጅ ብቻ?»

በዚያች ጥያቄ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ አቶ አጥናፉ አይተውታል። የእጅጌያቸው ጨርቅ ሲጨበጥም ተሰምቷቸዋል።

«የሁላችንም ነው» አሉ።

ከሪማ ወደ ኤሌኒ ዞረች። «እንግዲያው ትናንት አንቺም ገብቻለሁ ነው ያልሽኝ።»

«ልወለውል ነው የገባሁት» አለች ኤሌኒ። «ሰኞ ሰኞ እገባለሁ። ወልውዬ ወጣሁ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን አልገባሁም የሚል ቃል በስምሽ ሲጻፍ ሰምተሻል፤ ሰምተሽም ዝም ብለሻል። አንዷን በአገሯ ልማድ፣ ሌላዋን በእኛ ልማድ ልተረጉም አልችልም። ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።»

«ወርቅዬስ?» አሉ አቶ አጥናፉ። «እሷን እንኳ ትለቂያታለሽ?»

«እሷ ትክዳለች ተብሎ ይስተካከላል። መብቷ ነው፤ ስላስታወሱኝም አመሰግናለሁ። የምስክሯ ጣት ግን በዚህ አይሰረዝም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትለቂው?»

«ማንንም፣ ዓሞ። አላዳላም።»

ኤሌኒ ያን ጊዜ እጅጌያቸውን ለቀቀች። ሽርጧ ከጠረጴዛው ላይ ነበርና አንዱ ፖሊስ አጣጥፎ ሰጣት። አስካለ በመተላለፊያው የራሷን ሽርጥ እየፈታች ሁሉንም ሰምታለች። ሽማግሌው ሲወጡ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ከሪማ ወረቀት አልጠየቀችም። ወረቀት የጠየቀው ጉዳዩ የተላለፈለት ሌላው መሥሪያ ቤት ነው። ሰዓቱ የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ ያወቀ የለም፤ ሁለቱ ልጆች ወደ አገራቸው ከተላኩ ወዲያ የፈለገውም የለም።

የጾሙ ወራት ሊያልቅ ሲል ከሪማ ለአቶ አጥናፉ ደወለችላቸው። አዲስ ለተቀጠሩ ፖሊሶች ስለ ማኅበረሰቦች ልማድ ትምህርት እየሰጠች ኖሯል፤ ያንን የቅንድብ ነገር በራሳቸው አንደበት እንዲያስረዱላት ፈለገች። እንቢ ሊሉ ነበር። «ከመጡልኝ ኤሌኒ ካለችበት እስር ቤት እንዲያስገቡዎት አደርጋለሁ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኤሌኒን አላዩዋትምና ሄዱ።

በአዳራሹ ፊት አቆሟቸው። ቅንድባቸውን አነሡ፤ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ወጣቶቹ ፖሊሶች እርስ በርሳቸው እየተያዩ ቅንድባቸውን ያነሡ ጀመር። አንዱ ከኋላ፤ «ወላሂ፣ እናቴ ቤት ያለችው ሠራተኛ ዓመት ሙሉ እሺ እያለችኝ ነው ማለት ነው በጥፊ የማላት?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሪማ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ አደረገች፤ «እንዲህ ያለ ቀልድ በደንባችን ክልክል ነው» አለች፤ ወዲያውም ጸጥ አሉ። ሲጨርሱ ለሽማግሌው አጨበጨቡላቸው።

ከሪማ እንደ ቃሏ በራሷ መኪና ወሰደቻቸው። ኤሌኒ ከሽቦው ወዲያ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፀጉሯ ተቆርጧል፤ ቅማል እንዳይገባ ነው ብለው የሁሉንም ቆርጠዋል።

«ወርቅዬስ?» አሏት።

«ባለፈው ሳምንት አሳፈሯት። የእኔም ዓርብ ነው።»

«ምግብ ይሰጧችኋል?»

«ይሰጣሉ።»

«እናቴ ይህን ጊዜ ደውላለች» አለች ኤሌኒ። «ምን ሊሏት ነው?»

«እውነቱን እነግራታለሁ።»

«እውነቱን ለፖሊስ ሰጥተውታል» አለች ኤሌኒ። «ለእሷ ሌላ ይፈልጉላት።» ብላም ጠባቂው ሳይጠራት ወደ ውስጥ ተመለሰች።

የአቶ አጥናፉ ነገር በዚሁ ተነገረ። ብዙ ጊዜ አልፏል፤ የሰውም ልብ ወንፊት ነው። አንድ ቀን ተዛብቶ፣ ወይም የአንዱ ቃል በሌላው አፍ ገብቶ ቢገኝ፣ በዚያ መተላለፊያ ቆማ የነበረች አንባቢ ካለች ታርመው።